ከማማው ያልወረደው እንጨት

ውዴ ይሁኔ፣

ባለህበት ሰላም ይብዛልህ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ፣ አደይም እንደ ልማዱ በየመንገዱ ዳር ፈክቶ ረገፈ። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ ሰው ሁሉ «በይ እንግዲህ ተጽናኚ» ብሎኝ ወደየሥራው ሄደ፣ እኔም ወደ ሻይ ቤቴ ተመለስኩ። መጽናናቱን ግን ገና አልተማርኩትም። አንዳንድ ጧት ሁለት ብርጭቆ አወጣና አንዱን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ደግሞ አልቅሳ ልትጽፍልኝ ነው እንዳትል፤ ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩትን እስክሪብቶ ያነሣሁት የምነግርህ ነገር አንተን ስለሚመለከት፣ ከአንተም በቀር በደንብ የሚስቅለት ሰው ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያቺ «አትጸድቅም» ብዬ ያሾፍኩባት አፕልህ መጽደቅ ብቻ ሳይሆን አፈራች። ፍሬዋ ይኮመጥጣል፣ ግን ያንተ ስለሆነ ፊቴን ሳላጨማድድ እበላዋለሁ። ልጃችን ማስተዋል ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያው ከተማ ሥራ ይዛለች። ታሪክን ትታ ሒሳብ በመምረጧ እንዴት እንዳኮረፍካት አልረሳችውም፣ እያነሣች ትስቃለች። ያስተማርክበት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከርሞ ዘንድሮ ተከፍቷል፣ ጧት ደወሉ ሲደወል እሰማዋለሁ። መንገዱም እንዲሁ ነው፤ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የተዘጋ ጊዜ አውቶቡስ የለም፣ ተሳፋሪ የለም፣ እኔም ቦንቦሊኖዬን ለጎረቤት ልጆች አድላለሁ። ሲከፈት ደግሞ ረዳቶቹ «የሺ፣ አለሽ ወይ?» እያሉ ከነጩኸታቸው ይመጣሉ። አለሁ እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ኮሎኝ ልምጣ። ያ ጀርመናዊ ሽማግሌ መኪናው እዚህ ሉማሜ ላይ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት እኛ ዘንድ የሰነበተ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ከሱ ጋር በእንግሊዝኛ ስትከራከር ስትውል እኔ በመሐላችሁ ሻይ ሳመላልስ እግሬ ቀጠነ። ሊሄድ ሲል ስለ ተወለደባት ከተማ ስለ ኮሎኝ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሥዕል የበዛበት ትልቅ መጽሐፍ ሰጠህ። እኔማ «ለዚያ ሁሉ ምሳ ምላሹ ይህ ነው?» ብዬ አጉረመረምኩ። አንተ ግን ጠረጴዛውን ጠርገህ፣ እጅህን ታጥበህ ነበር መጽሐፉን የገለጥከው። ከዚያ በኋላ እስኪገነጣጠል አነበብከው። ጀርመን ቀርቶ ከባሕር ዳር ያለፈ መንገድ የማታውቅ ሰውዬ፣ የዚያችን ከተማ መንደሮች አንድ በአንድ ታውቃቸው ጀመር።

የቅዳሜው ወግም የመጣው በዚሁ ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት እኛ ቤት ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ አንተ ጥግህን ይዘህ የኮሎኝን ታሪክ ከሥሩ ጀምረህ ታወራለት ጀመር። ደንበኛ ያሸሽብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰዉ ግን ለመደው። ጭራሽ «ኮሎኝ እንዴት ሰነበተች?» እያለ የሚገባ መጣ፣ ደብረ ኤልያስ ያለች ዘመዱን የሚጠይቅ ይመስል። ራይን የሚባለውን ወንዟን በስሙ አወቁት። ከዓባይ ጋር አስተያይተው፣ ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ ያለው ሕዝብ ታድሏል ብለው ፈረዱ። ሴቶቹ ደግሞ ያ ኮሎኝ የሚባለው ስመ ጥሩ ሽቶ የወጣው ከዚያች ከተማ መሆኑን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን ወደ አንተ ጠጋ አደረጉ።

የሮም ወታደሮች ወንዙ ዳር ሠፍረው ከተማዋን የቆረቆሩበትን በአንድ ቅዳሜ ጨረስከው። እዚያ የተወለደች አንዲት ሴት የቄሣር ሚስት ስትሆን የትውልድ ሰፈሯን ከፍ አድርጋ ከተማ ማሰኘቷን ስትነግራቸው፣ ወገኗን ያልረሳች ብለው መረቋት። ሮማውያኑ ሄደው ሌላ ገዢ፣ ከዚያም ሌላ ሲመጣ ከተማዋ ባለችበት መቆየቷ አንተን በጣም ደስ ይልህ ነበር፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ቆም ትላለህ። ቀጥሎ የሰብአ ሰገልን አጽም ከኢጣሊያ አምጥተው በወርቅ ሣጥን ያኖሩበት ቅዳሜ መጣ። ያን ዕለት ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ቄሰ ገበዙ «ከሰብአ ሰገል አንዱ እኮ የእኛ ንጉሥ ነው! የእኛ ሰው አጽም ጀርመን አገር ምን ይሠራል?» ብለው አፋጠጡህ። አንተም በክብር ተቀምጧል ነው የሚለው መጽሐፉ ብለህ በዘዴ አመለጥክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሎኝ የፈረንጅ ከተማ መሆኗ ቀርቶ ዘመድ የተቀመጠባት አገር ሆነች።

ለነዚያ አጽሞች የሚመጣው ተሳላሚ ሲበዛ የድሮው ቤተ ክርስቲያን አልበቃ አለ። ስለዚህ አቻ የሌለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ተነሡ። ድንጋዩን ከወንዙ በላይ ካለ ተራራ እየፈለጡ በጀልባ ያወርዱት ነበር። የከተማው ሰዎች ከጳጳሳቸው ጋር ተጣልተው፣ ተዋግተው አሸንፈው፣ ከከተማው ውጭ እንዲኖር ያስገደዱበትን ስታወራ ቄሰ ገበዙ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። ያኔ ነው፣ ሕንፃው በአንድ ሰው ዕድሜ እንደማያልቅ ባዩ ጊዜ መቅደሱን ብቻ ጨርሰው፣ ጣራ አልብሰው፣ ያላለቀውን ወገን በግንብ ዘግተው ቅዳሴ የጀመሩበትን የነገርካቸው። እኔ እሳት ላይ ስለነበርኩ ይቺን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ አለፍኳት።

ሁሉም ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ወረርሽኝ በገባ ዘመን የከተማው ሰው ጎረቤቶቹን አይሁዶችን «ውኃውን መርዛችኋል» ብሎ የገደለበትን፣ ቤታቸውን ያቃጠለበትን ሳትሸፋፍን አወራህላቸው። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ይህን ባትነግራቸው ምን ነበረበት ብዬህ ነበር። የሚያምረውን ብቻ መርጬ ካወራሁ ተረት ነገርኳቸው ማለት ነው አልከኝ። ያን ቅዳሜ ሁሉም ብርጭቆውን አስቀምጦ በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ።

የመጨረሻዋ የክሬኑ ቅዳሜ ናት። አንደኛው ማማ ገና ሳያልቅ ገንዘቡም ልቡም አለቀና ሥራው ቆመ። ድንጋይ ማንሻው፣ ያ ሰዎች በመንኮራኩር ውስጥ እየተራመዱ የሚያንቀሳቅሱት ትልቅ የእንጨት ክሬን፣ ማማው ጫፍ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ ይሞታል፣ እንጨቱ እዚያው ነው። የልጅ ልጁም ያንኑ እንጨት እያየ ያረጃል። እንዲህ እየተባለ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሄደ። ይህን ብለህ ከመጽሐፉ ተገንጥሎ የወጣውን፣ የክሬኑ ሥዕል ያለበትን ገጽ ግድግዳው ላይ በሚስማር ቸነከርከው። ሰዉ እየተነሣ ቀርቦ አየው። ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሲያመላልሱ ያረጁት አያ ስሜነህ «እሺ፣ ኋላስ?» ቢሉህ «ለቅዳሜ» ብለህ ሳቅክ። ለእኔም ይህች ገጽ ሌላ ፊት አላት፣ ቅዳሜ ታዪዋለሽ አልከኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር እሺ ብዬህ አለፍኩ።

ቅዳሜ ግን አልደረስክም። ሐሙስ ደረትህን ያዘህ፣ ዓርብ ተለየኸን፣ ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ ለቅሶ ቤት ዋለ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ብጽፍ ይህ ደብዳቤ አያልቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ኪዳነ ምሕረት እንውጣ። ጉብታው ላይ አዲሷን ቤተ ክርስቲያን ስታስጀምሩ አንተ የሕንፃ ኮሚቴው ውስጥ ነበርክ። አሮጌዋ ስትፈርስ ታቦቷ ወደ መቃኞዋ፣ ወደዚያች በጭቃ ወደተመረገች ትንሽ ጊዜያዊ ቤት ገባች፤ ቶሎ ትወጣለች ተብሎ ነበር። ምእመኑ ሊሳለም ሲወጣ ከወንዙ አንዳንድ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። አንተም በዚያ በሚያንሸራትት የመምህር ጫማህ ዳገቱን እየታገልክ ስትወጣ እኔ ከኋላህ እየሳቅኩ እከተልህ ነበር። መቅደሱም የዙሪያው ግድግዳም ከሰው ቁመት በላይ ሄደው ቆሙ። አንተ ካለፍክ በኋላማ መንገዱ ሲዘጋ ሲሚንቶው ቀረ፣ ግንበኛውም ወደ አገሩ ሄደ፣ መወጣጫው የባሕር ዛፍ ርብራብ ብቻ ግድግዳው ላይ ተገትሮ ቀረ። ክረምቱ ሲወርድበት እንጨቱ ጠቆረ። መቃኞዋ ታፈስሳለች፣ ካህናቱ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውስጥ ሆነው ጃንጥላ ይዘረጋሉ።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አያ ስሜነህ ተነሡና ነገሩን እንቋጨው አሉ። ርብራቡ ይውረድ፣ እንጨቱ ይሸጥ፣ ግድግዳው ባለበት ይብቃና ከላዩ ቆርቆሮ ጣል ይደረግበት፤ ትልቁ ሕንፃ፣ ጉልላቱ፣ ያ ሁሉ ያሰባችሁት ይቅር። ለዚህ ምስክር አድርገው የጠሩት ማንን መሰለህ? አንተን። «መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ራሳቸው ነግረውናል። ጀርመን እንኳ ያን ሁሉ ሀብት ይዞ፣ ጀምሮት አቅቶት ትቶታል። እንጨቱ ማማው ላይ በስብሶ ቀርቷል። እኛ ከጀርመን ልንበልጥ ነው?» አሉ። ሰዉም እውነት ነው፣ መምህር ብለዋል፣ ሥዕሉም የሺ ቤት ተሰቅሏል አለ።

እኔ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ደሜ ፈላ። ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ስትሮጥ ጫማህ ያለቀብህን ሰው፣ ሥራዋን ለማስቆም ምስክር አደረጉህ! የሚያናድደው ደግሞ አልዋሹም፤ አንተ ያቆምከው እዚያው ላይ ነው። አይ፣ ኋላ ጨርሰውታል ብዬ ልነሣ ፈለግኩ፣ ግን ይጨርሱት አይጨርሱት እኔስ መች አውቃለሁ? በሥዕሉ ብቻ ነው ኮሎኝን የማውቃት። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ቁርጡ ከፋሲካ በኋላ ለሚደረግ ስብሰባ ተቀጠረ፣ እኔም አንተን የሚያሳፍር ውሳኔ ሊወሰን ነው ብዬ ዳገቱን እየተቃጠልኩ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ ሄድኩ። አልዋሽህም፣ ልቀድደው ነው የሄድኩት። በቢላ ጫፍ ሚስማሮቹን ነቃቅዬ ሳነሣው ገጹ እጄ ላይ ተገለበጠ። ከጀርባው ፎቶ ነበር። ያው ቤተ ክርስቲያን፣ ያው ወንዝ፣ ግን ሁለቱም ማማዎች አልቀው ወደ ሰማይ ወጥተዋል። ክሬን የለም። ከታች በኩል ሰዎች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። የነገሩ መጨረሻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓመት ሙሉ እኔው ጭንቅላት ላይ ተሰቅሎ ኖሯል! ቅዳሜ ታዪዋለሽ ያልከኝ ይህን ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተቆጣሁህ። አይ አንተ፣ ሰውን አስገርማለሁ ብለህ ቤተ ክርስቲያን ልታስፈርስብን!

መንገዱ ሲከፈት ማስተዋል መጣች። መጽሐፉን ከሣጥን አወጣንና እኔ የቦንቦሊኖ ሊጥ ሳቦካ እሷ እያነበበች በአማርኛ ትነግረኛለች። አንተ ስታወራ በሩቁ እሰማው የነበረውን አሁን እየጠየቅኩ፣ እያስደገምኩ ተማርኩት። የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን በያዘ ጊዜ ያን ያላለቀ ቤተ ክርስቲያን የድርቆሽ ማከማቻ ማድረጉን ስትነግረኝ ሊጡን በቡጢ መታሁት። በኋላ ግን ሰዉ እንደገና ልብ አገኘ። ንጉሡም ሰጠ፣ ሀብታሙም ድሃውም ማኅበር ገብቶ አዋጣ፣ እምነታቸው ሌላ የሆነ ሰዎች እንኳ አዋጡ። የፊተኞቹ ካቆሙባት ድንጋይ ላይ፣ የፊተኞቹ ባሰቡት መልክ ቀጠሉት። ጨረሱትም። ያ እንጨት ከማማው የወረደው ሥራ ሲጀመር እንጂ ሲተው አይደለም።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሥዕሉን ፎቶው እንዲታይ አድርጌ ሰቀልኩትና ወደ ሻዬ ዞርኩ። አያ ስሜነህ ገቡ፣ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ሻይ አዘዙ፣ ቀና አሉ። «ይቺ ደግሞ የትኛዋ ናት?» አሉኝ። «ያችው ናት አያ፣ ኮሎኝ። ይሁኔ ያልጨረሰላችሁ» አልኳቸው። አላመኑኝም። ተነሥተው ሚስማሩን በጥፍራቸው አላቅቀው ገለበጧት፣ ክሬኑን አዩ፣ እንደገና ገለበጧት። እኔም እጄን በሽርጤ ጠርጌ ያንተ ጥግ ላይ ተቀመጥኩና ያነበብነውን ሁሉ አወራሁላቸው። እንዳንተ እጅ ማወናጨፉን አልችልበትም፣ ዘመኑን ሳቀላቅል ማስተዋል ከጓዳ ታርመኛለች። ግን ማንም ተነሥቶ አልወጣም።

ስጨርስ አያ ስሜነህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የጀመሩት ሰዎችስ አልቃ አይተዋት ሞቱ?» አላዩዋትም አልኳቸው። ሻያቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «እኔ እኮ የሺ፣ ጉልላት ጠልቼ አይደለም። ዕድሜዬን ታውቂዋለሽ። ታቦቷን በምታፈስስ ቤት ትቼ መሄዱ ነው ያቃተኝ። ደኅና ቤት ስትገባ በዓይኔ አይቼ ብሞት ብዬ ነው» አሉኝ። ስናደድባቸው፣ ስረግማቸው የከረምኩት ሰው የፈለጉት ይህችን ብቻ ኖሯል። አፈርኩ፣ አሳዘኑኝም። ከብዙ ዘመን በኋላ አለቀ ማለቱ ደስ ይላል፣ ግን ለሳቸው ምን ያደርግላቸዋል?

መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። በትራቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ቆይ እስቲ። መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጀርመኖቹ መቅደሱን አስቀድመው ጨረሱት ብለውን አልነበር? በግንብ ዘግተው ቀደሱበት አላሉም?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ማስተዋልን አየኋት። እሷም ገጹን ፈልጋ አገኘችው። «አዎ አያ፣ እንደሱ ነው ያደረጉት» አለቻቸው። ያን ዕለት እሳት ላይ ሆኜ ያመለጠኝን፣ እሳቸው ቃል በቃል ይዘውት ቆይተዋል። ተመልሰው ተቀመጡና ያን የገፉትን ሻይ ጠጡት።

ከፋሲካ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ሐሳቡን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፣ አሁንም አንተን ጠርተው። መካከሉ ላይ ያለው መቅደስ ብቻውን ይለቅ፣ ጣራ ይልበስ፣ ታቦቷ ትግባ አሉ። የዙሪያው ግድግዳ ግን አይነካ፣ ርብራቡም አይውረድ፣ በየዓመቱ አቅም የፈቀደውን ያህል ድንጋይ ይጨመርበት አሉ። ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን እያሻሹ «የሰብአ ሰገል ከተማ ምክር ነው፣ አይናቅም» ብለው ደገፉ። ፈቃዱን ከበላይ አመጡ፣ ግንበኛው ተለምኖ ተመለሰ፣ የጎደለው ሲሚንቶ መንገድ በተከፈተ ቁጥር በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሳይቀር መጣ። እኔም ሻይ ቤቱን ዘግቼ በየእሑዱ ሁለት ድንጋይ ይዤ ወጣሁ። አንዱ ያንተ ነው።

አንድ ያስቸገረኝ ነገር ነበር። ማማዎቹ ካለቁ ወዲህ ኮሎኝ ላይ የሆነውን፣ የቦምቡን ዘመን ላውራላቸው ወይስ ልተወው ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር፣ እኛም ተኩስ ሰምተን የተረበሽንበት ሰሞን። ያኔ «ተረት ነገርኳቸው ማለት ነው» ያልከኝ ትዝ አለኝና ምንም ሳልደብቅ አወራሁት። በጥንት ዘመን በአይሁድ ጎረቤቶቻቸው ላይ የሠሩትን ግፍ በአባቶቻችን ዘመን ከበፊቱ አብልጠው እንደ ደገሙት፣ አገራቸው የለኮሰችው ጦርነት ተመልሶ በላያቸው ላይ እንደ ዘነበ፣ የጥንቷ ከተማ ከሞላ ጎደል እንደ ፈረሰች ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ተበሳስቶ፣ መስኮቱ ረግፎ፣ በፍርስራሹ መካከል ቆሞ ቀረ። ሰዉ ከተሰደደበት እየተመለሰ ፍርስራሹን በአካፋና በጋሪ ጠረገ። ዛሬ ከተማዋ ሞልታ ነው፤ ግንበኞች አሁንም በየጊዜው ርብራብ ተክለው ያን ቤተ ክርስቲያን ይጠግናሉ።

ልጆቿን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ የላከችው ሽንኩርት ሻጯ «የተሰደዱት ተመለሱ ነው የምትዪኝ?» አለችኝ። ተመለሱ አልኳት። ዘንቢሏን ስታነሣ «እንግዲያውስ የእኔዎቹም ይመጣሉ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ትልቁ ልጇ መስከረም ላይ መጣ። ታናናሾቹን ገና እየጠበቀች ነው።

ታቦቷም በኅዳር ኪዳነ ምሕረት ከመቃኞዋ ወጥታ አዲሱ መቅደስ ገባች። ማስተዋል ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጎኔ ቆማለች። ጉብታው በሰው ተሸፍኖ ነበር። አያ ስሜነህ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከፊት ቆሙ። ካህናቱ ገብተው በሩ ሲዘጋ እሳቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔ እልል ማለቱ እስኪያቅተኝ እልል አልኩ። ምነው አንተም በነበርክ ብዬ ተመኘሁ፣ ከዚያ ያለህ መሰለኝ።

ከሥርዓቱ በኋላ ለድግሱ ማገዶ አጠረ። ጎረምሶቹ የዙሪያው ግድግዳ ላይ የቀረውን የጠቆረ ርብራብ ሊያወርዱ ወጡ፣ እንግዲህ ታቦቷ ገብታ የለ ብለው። አያ ስሜነህ ይህን ሲያዩ በትራቸውን አነሡ። «ተዉት! አትንኩት! መምህር ገና አልጨረሱም» አሉ። ጎረምሶቹ እንጨቱን ለቀው ወረዱ። አያ ስሜነህ አንተን ጠርተው ነፍሳቸውን ይማር ሳይሉ ሲቀሩ ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ ሰማሁ፣ ማስተዋልም ሰማች፣ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

እንግዲህ ይሁኔ፣ ሥዕልህን በክር አንጠልጥያታለሁ፤ በሩ ሲከፈት ትዞራለች፣ አንዴ እንጨቱ፣ አንዴ ማማዎቹ ይታያሉ። ለማያውቃት ተሳፋሪ ሁሉ ከሥሯ ጀምሬ እነግረዋለሁ፣ ማን ነገረሽ ሲለኝም ባሌ እለዋለሁ። ጉልላቱን እኔ ላላየው እችላለሁ፣ ማስተዋልም ላታየው ትችላለች። እስካለሁ ድረስ ግን አልረሳህም፤ በየእሑዱ ሁለት ድንጋይ ይዤ እወጣለሁ፣ ያንተንም ርብራቡ አጠገብ፣ ከላይኛው ረድፍ ላይ አስቀምጣለሁ።

ያንተው የሺ